በሩ ላይ የሚጠየቅ በሽታ

ሳውዲ አረቢያ፣ ጂዛን ውስጥ በአንድ የእስረኞች ማቆያ ክሊኒክ ሥራ የጀመርኩት በጽዳት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሐኪሙ አማርኛ እንደምችል ሲሰማ መወልወያውን አስጥሎ ወደ ወንዶቹ አዳራሽ ወሰደኝ። ከዚያ ወዲያ አስተርጓሚ ሆንኩ፤ ማዕረጌ ግን ጽዳት ሠራተኛ እንደሆነ ቀረ። ዛሬ የአንደኛ ዓመት የነርስ ተማሪ ስለሆንኩ ያየሁትን ለክፍል ጓደኞቼ እጽፋለሁ።

አሠራሩ ይህ ነበር። ከየመን ተሻግረው የተያዙት ልጆቻችን ይሰለፋሉ። ሐኪሙ ከበሩ አያልፍም። "የሚያሳክከው?" ይላል፤ እኔ በአማርኛ እጮኻለሁ። "ሌላ በሽታ ያለበት?" ይላል፤ ይህንንም በሁሉም ፊት እጮኻለሁ። ያሳከከው ሁሉ የእከክ ቅባት ይቀባል። ቅባቱ ነጭ ነው፤ የተቧጨረ ቆዳ ሲነካ ያቃጥላል።

ሰይድ የሚባል የወሎ ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ ሲሰለፍ ጓደኞቹ ቀለዱበት።

"ሙሽራው መጣ፤ ቅቤ ጨምሩለት።"

"እናንተም ትዳራላችሁ፣ አብሽሩ" አላቸው።

እጁና እግሩ ትንንሽ እብጠት ወጥቶበት፣ አክኮት ደምቷል፤ የቆየው ጠቁሯል። ስቀባው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"የኤችአይቪ መድኃኒት እወስድ ነበር። ማንም እንዳያነብብኝ ጽሑፉን ከብልቃጡ ላይ ልጬው ነበር። ሲይዙን 'ሐሺሽ ነው' ብለው ጣሉት። ይሄ ማሳከክ ከዚያ ወዲህ ነው የመጣው።"

"ስንጠይቅ ለምን አልተናገርክም?"

"በሩ ላይ? ወላሂ፣ ወሬው ከእኔ ቀድሞ አገር ይገባል።"

"ለሐኪሙ ብቻ ብነግረውስ?"

"ለሱ ብቻ ከሆነ ንገረው።"

መጀመሪያ ሙዲሩን፣ የክሊኒኩን አለቃ፣ ለአንድ ሕመምተኛ ክፍል እንዲፈቅድ ጠየቅኩት። "ኸላስ፣ በቃ፤ ሁሉም ያሳክከዋል። ወደ ሥራህ" አለኝ። ወደ ሐኪሙ ሄጄ ሰይድን ለብቻው እንዲያየው ለመንኩት።

"ጠይቄው የለም እንዴ? ምንም የለብኝም ብሏል" አለ።

"ዶክተር፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት እርስዎ ቢሆኑ ይናገሩ ነበር?"

ሐኪሙ ሰይድን አስጠራና በሩን ዘጋ።

የሰይድን ቃል ስተረጉምለት ሰምቶ ጣቶቹን ፈልቀቅ አድርጎ በብርሃን አየ። እከክ የሚወደው በጣቶች መካከል ያለው ቆዳ ንጹሕ ነበር። የሰውነት መከላከያ ሲዳከም እንዲህ ያለ ማሳከክ እንደሚመጣ፣ መድኃኒቱን ሲቀጥል ቀስ እያለ እንደሚቀንስ ነገረን። ደሙን አስመረመረ፤ መድኃኒቱንም ከከተማው ሆስፒታል አስመጣለት። ሐኪሙ ሙያውን ያውቃል። ታዲያ ያን ቁስል ደጋግመን ስናቃጥል የት ነበር? እዚያው፣ በሩ ላይ ቆሞ።

ሰይድ መድኃኒቱን ይዞ፣ ማሳከኩ ጋብ ብሎለት ወደ አገሩ ተሳፈረ። እኛ ግን ወደ ሰልፉ ተመለስን። ሐኪሙ እንደ ልማዱ "ሌላ በሽታ ያለበት?" አለኝ።

"ይህን ጮኼ አልተረጉምም። አንድ በአንድ ይግቡ።"

ሙዲሩ በማግስቱ እኔን አስወጥቶ በቦታዬ ሌላ አስተርጓሚ አቆመ።

የሚያሳክከውን ሰው ምን እንዳለበት የምንጠይቀው ለብቻው አስቀምጠን ነው። ቅባቱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።