በሰባት ሰው የጨረስነው ጨዋታ

የኮሌጃችን ኳስ ቡድን ያን ዓመት አምስተኛ ወጣ። ለአምስተኛ ዋንጫ አይሰጥም፤ አውቃለሁ። እኔ ግን የምጽፈው ስለዚያ አምስተኛነት ነው፤ ደስ ያላለው አያንብበው።

ዲላ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ የሜዳ ሠራተኛ ነኝ። ሣር አጭዳለሁ፣ መስመሩን በኖራ አሰምራለሁ፣ ማሊያ አጥባለሁ፤ ልጅ ሲወድቅም ውሃ ይዤ የምሮጠው እኔው ነኝ። ወጌሻ ይሉኛል እንጂ ማንም አላስተማረኝም።

የውድድሩን ፕሮግራም ያወጡት ሰዎች የት አገር እንደሚኖሩ እንጃ፣ ከባዱን ጨዋታ ኅዳር ላይ ጣሉት። በጌዴኦ ኅዳር ማለት ቡና ነው። እሸቱ ከቀላ ሰው አይጠብቅም፤ ዛፉ ላይ ከደረቀ የዓመት ልፋት አብሮ ይደርቃል። ከአሥራ ስምንቱ ተጫዋቾቻችን አሥሩ አንድ በአንድ ወደ ወርቃ፣ ወደ ጎቲቲ፣ ወደ ወናጎ ለለቀማ ገቡ። አልፈረድኩባቸውም። እኔ ራሴ ልጅነቴን ሙሉ ቡና ስለቅምና ስሸከም ነው ፊደል ያመለጠኝ። ያወቅሁት አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ከጎልማሶች ጋር ተቀምጬ ነው።

ስምንት ቀሩ። የስፖርት ክፍሉ ኃላፊ፣ የልጄ እኩያ ሆኖ አንተ የሚለኝ ሰው፣ ቢሮው ጠራኝ።

«ማሊያውን ሰብስብ። ፎርፌ እንሰጣለን።»

«ፎርፌ የሰጠ ቡድን ከውድድሩ ይሰረዛል» አልኩት። «እስካሁን ያገኘነው ነጥብም አብሮ ይሄዳል።»

«ማን ነገረህ?»

«ደንቡ። ማሊያ ካርቶን ውስጥ ጥለኸው አገኘሁት። በሰባት ሰው መጫወት ይቻላል ይላል። ከሰባት ካነሰ ነው ፎርፌ የሚሆነው።»

«አንብበኸው ነው?»

«አዎ። አንተስ?»

«ብትዋረዱ ኃላፊነቱ ያንተ ነው» አለኝ። ይሁን አልኩ። ለውርደትማ አዲስ አይደለሁም።

ቅዳሜ ከሰዓት ስምንቱን ይዤ ሜዳ ገባሁ። በረኛችን የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ጫማውን እያሰረ «ፋዘር፣ ዛሬ ስንት ነው የምንበላው?» አለኝ።

«የፈለጉትን ያግቡ። እናንተ ብቻ ከሜዳ አትውጡ።»

እስከ እረፍት ሦስት አገቡብን። ከእረፍት በኋላ አጥቂያችን ከተከላካይ ጋር ራስ ለራስ ተጋጭቶ ወጣ፤ ሰባት ሆንን። ሃያ ደቂቃ ሲቀር ደግሞ የቀኝ ተከላካያችን፣ የወናጎው ልጅ፣ ቁርጭምጭሚቱ ዞረበት። ውሃ ይዤ ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ ልረግጠው አልቻልኩም።»

እሱ ከወጣ ስድስት ነን። በክረምቱ ጭቃ ያሸነፍነው ሁሉ በዚያች ደቂቃ ያልቃል።

«መቆምስ?»

«መቆም እችላለሁ።»

«እንግዲያው ቁም።»

እግሩን በጨርቅ ጠፍሬ አሰርኩትና ደግፌ ወስጄ እዚያ ማዶ፣ የእነሱ ጎል አጠገብ ተከልኩት። ኳስ እዚያ እንደማይደርስ ሁላችንም እናውቃለን። ዳኛው መጣ።

«ይችላል?»

«ቆሟል» አልኩት። «ደንቡ ይሩጥ አይልም።»

ዳኛው ሳቁን ውጦ ፊሽካውን ነፋ። ተመልካቹ ልጁን ሐውልቱ፣ ሐውልቱ ይለው ጀመር። «ሐውልቱን አቀብሉት እንጂ!» ይላል አንዱ። የእነሱ በረኛ ደግሞ ጠጋ ብሎ «ወንድሜ፣ ወንበር ላምጣልህ?» አለው።

«አምጣ» አለ ልጃችን። «አንተም እንደሆንክ ሥራ ፈት ነህ።»

ስድስት ለዜሮ ተሸነፍን። ዳኛው የመጨረሻውን ፊሽካ ሲነፋ ግን ሰባታችንም ሜዳ ውስጥ ነበርን።

የልጁ እግር ወር ሙሉ አብጦ ከረመ። እናቱ ከወናጎ መጥታ ሣር ሳጭድ አገኘችኝ።

«አንተ ነህ ልጄን በአንድ እግሩ ያቆምከው?»

«እኔ ነኝ።»

«አሸነፋችሁ?»

«ተሸነፍን።»

«ታዲያ ለምን አቆምከው?»

ያለኝ ምክንያት ሁሉ እሷ ፊት አነሰ። «ቢወጣ ኖሮ ዓመቱን ሙሉ እንዳልተጫወትን ይቆጠር ነበር» አልኳት። ረግማኝ ሄደች። ልክ ነበረች። ያ ቀን ዛሬ ቢመለስ ግን እንደገና አቆመዋለሁ። ካላመናችሁኝ ልጁን ጠይቁት፤ እንደገና ይቆማል።

ለቀማው አልቆ አሥሩ ተጫዋቾች ጣታቸው በቡና ጠቁሮ ተመለሱ። የቀሩትን ሁለት ጨዋታዎች አሸነፍን፤ አምስተኛ ወጣን። የውጤቱን ሰንጠረዥ ተቀብዬ የስፖርት ክፍሉ በር ላይ ለጠፍኩት።

«ስድስት ለዜሮ የተጻፈበትን ወረቀት ለሰው ታሳያለህ?» አለኝ ኃላፊው። «አንሣው።»

«ስማችን ያለበት ወረቀት ነው። ከፈለግህ አንተ አንሣው።»

አላነሣውም። እኔም አላነሣሁትም።