የሴቶቹ በር

ባቡሩ ከመድረሱ በፊት ነፋሱ ይደርሳል። ብረት ብረት የሚሸት ሞቅ ያለ ነፋስ ከዋሻው አፍ ወጥቶ የሴቶቹን ሻርፕ ያነሳል። ያኔ ኢንሺራሕ መወልወያዋን ይዛ ወደ መድረኩ መሐል፣ የሴቶቹ ፉርጎ ወደሚቆምበት ቦታ ትሄዳለች። እንዲህ አድርጊ ያላት የለም። የተቀጠረችው ለወለሉና ለደረጃው ነው።

በሩ ላይ የሴት ሥዕል አለ፤ ጽሑፍም አለ። ይሁንና ማለዳ፣ ካይሮ በሙሉ ከመሬት በታች የገባ በሚመስልበት ሰዓት፣ ማንበብ የሚያቅታቸው ወንዶች ይበዛሉ።

«ሚስቴ ገብታለች እኮ» ይላል አንዱ።

«አንተ በወንዶቹ ግባ፤ ስትወርድ ታገኛታለህ። ካመለጠችህም ለሷ ጽድቅ ነው» ትለዋለች ኢንሺራሕ።

ሴቶቹ ከውስጥ ይስቃሉ። ሰውየውም አንዳንዴ አብሮ ይስቅና ወደ ኋላ ይላል።

ኢንሺራሕ ከሰዒድ፣ ከደቡቡ የአገሪቱ ክፍል፣ ከሚንያ ገጠር በባሏ እጅ ተይዛ ወደ ካይሮ ስትመጣ ገና ልጅ ነበረች። ባሏ ለሳኝ ነበር። የመጀመሪያ ልጇን በሆዷ ይዛ ብቻዋን ሜትሮ የተሳፈረች ዕለት፣ የሴት ፉርጎ የሚባል ነገር መኖሩን አታውቅም ነበርና በተከፈተላት በር፣ ወንዶች በሞሉበት ፉርጎ ገባች። በሚቀጥለው ጣቢያ ወረደች። ከዚያ እስከ ቤቷ፣ በዚያ ፀሐይ፣ በእግሯ ሄደች። ባሏ «ምን ሆነሽ ነው?» ቢላት «መንገዱ ጠፋብኝ» አለችው። ባሏ ሞተ፣ ልጇም ስዊዝ ከተማ ተዳረች፤ ኢንሺራሕ ያን ቀን የሆነውን ለማንም አልተናገረችም። ሳቂያ ጣቢያ ጽዳት ስትቀጠር ግን የቆመችው እዚያ በር ላይ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በሩ ሊዘጋ ሲል አንድ ወጣት እየሮጠ መጣ። ነጭ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፀጉሩ በቅባት ያብለጨልጫል። በሩ ላይ የቆመችውን ተማሪ በትከሻው ገፍቶ እግሩን አስገባ። ልጅቷ ጮኸች። ኢንሺራሕ እርጥቡን መወልወያ ደረቱ ላይ አሳረፈችና ገፋችው። በሩ ተዘጋ፤ ባቡሩ ሄደ። ነጩ ሸሚዝ መሐሉ ላይ ጥቁር ሆኖ ቀረ።

«አንቺ ሴትዮ! እኔ ማን እንደሆንኩ ታውቂያለሽ?»

«ወንድ መሆንህን አውቄያለሁ። የቀረው አያገባኝም።»

የቀረው ግን ያገባት ነበር። ሃይሰም ይባላል፤ የጣቢያውን ጽዳት በኮንትራት የያዘው ሰውዬ የእህት ልጅ ነው።

ከቀትር በኋላ በአክብሮት «ኡስታዝ» የሚሉት የጽዳቱ ተቆጣጣሪ ሸውቂ ቢሮው አስጠራት። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጨጓራውን የሚያመው፣ ጭቅጭቅ የሚፈራ ሰው ነው።

«ኢንሺራሕ እህቴ፣ ነገሩን እናብርደው። ነገ ጠዋት እዚያው መድረኩ ላይ፣ ሰው እያየ፣ እንደ ወጉ ራሱ ላይ ስመሽ ‹አጥፍቻለሁ› በዪው። በቃ፣ አለቀ።»

«የማንን ራስ?»

«የሃይሰምን ነዋ! ያለዚያ አጎቱ የሥራ መታወቂያሽን መልሺ ብለዋል።»

«ኡስታዝ፣ በእናንተ ሰፈር የልጅ ራስ ይቅርታ ተብሎ ይሳማል? ራሱ የሚሳመው ትልቅ ሰው አይደለም ወይ?»

«አንዳንዴ ይሳማል...»

«አዎ፣ ሲወለድና ሲታመም። ይሄኛው ጤነኛ ነው።»

ሸውቂ የጨጓራ ኪኒኑን ከመሳቢያ አወጣ። «እናንተ የሰዒድ ሰዎች! ጭንቅላታችሁን ከድንጋይ ጠርበው ነው የገጠሙላችሁ?»

ማታ ልጇ ደወለች። «እማዬ፣ ሳሚውና ይለፍ። የአንድ አፍታ ነገር ነው። ከዚያ ሥራ ብትወጪ ማን ይቀጥርሻል?» ኢንሺራሕ «ደህና እደሪ» አለቻት። ስልኩን ዘግታ የባቄላ ድስቷን ትንሽ እሳት ላይ ጣደች። ልጇ እውነቷን ነበር። ጉልበቷ አርጅቷል፤ የቤት ኪራይ ግን አያረጅም። አንድ አፍታ፣ አለች ለራሷ። ያም ዕለት በባቡሩ ውስጥ የሆነው የአንድ አፍታ ነገር ነበር።

ጠዋት መድረኩ ሞላ። ሃይሰም አዲስ ሸሚዝ ለብሶ መጥቷል፤ ጓደኛው ሊቀርጽ ስልኩን ደግኗል። ሴቶቹ ቦርሳቸውን ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆመዋል።

«በሉ፣ በስመ አላህ» አለ ሸውቂ፣ ወለሉን እያየ።

ሃይሰም ፈገግ ብሎ አንገቱን ዝቅ አደረገ። ኢንሺራሕ ቀረበች። ክሎሪን የበላው እጇን አነሳችና ያን የሚያብለጨልጭ ፀጉር በመዳፏ ዳበሰችው፤ ለጎረቤት ሕፃን እንደሚደረገው።

«እደግ ልጄ፣ ተመንደግ። አላህ ልብ ይስጥህ።»

በመጀመሪያ የሳቀችው ማን እንደነበረች አልታወቀም። ቀጥሎ ግን መድረኩ ሙሉ ሳቀ፤ ከወንዶቹ ወገን አንድ ሽማግሌ ሳይቀር «አሚን!» አለ። ሃይሰም ጆሮው ድረስ ቀላ። «አባርራት! አሁኑኑ!» ብሎ ሸውቂ ላይ ጮኸ።

ኢንሺራሕ ቀድማ የሥራ ሰደርያዋን አውልቃ ነበር። አጣጥፋ፣ መታወቂያውን ከላይ አድርጋ ለሸውቂ ሰጠችው። «መወልወያው አዲስ ጭራ ያስፈልገዋል፤ ይንገሯቸው» አለችና ደረጃውን ወጣች።

ቲኬት የምትሸጠው ዱሐ ወሬው ቀድሞ ደርሷት ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «እትዬ፣ ምን ልትሆኚ ነው?»

«ካይሮ ውስጥ የሚወለወል ደረጃ መቼ ጠፋ? አልቃሻ! ይልቅ ቲኬት ቁረጪልኝ።»

«የት ልትሄጂ?»

«መስመሩ እስከሚያልቅበት።»

በመግቢያው አልፋ ወረደች። ሃይሰም አያት፤ አፉን ከፈተ፤ የያዘችውን ቲኬት አየና መልሶ ዘጋው። ባቡሩ መጣ። ሴቶቹ እንደ እናት አክብረው «ሐጃ፣ እዚህ ተቀመጪ! እዚህ!» እያሉ ሦስት ቦታ ለቀቁላት። አልተቀመጠችም። በሩ አጠገብ ቆማ ብረቱን ያዘች።

በሚቀጥለው ጣቢያ፣ ማንም በማያውቃት ጣቢያ፣ በሩ ተከፈተ። አንድ ጎረምሳ ትኩስ ዳቦ በብብቱ ይዞ፣ ወደ ውስጥ እያየ መጣ።

«ዘወር በዪ እንጂ ሐጃ።»

«ዘወር አልልም» አለች።