ወቃሪው የተቀመጠበት ቦታ

በሱዳን፣ በኡም ጋርጉር የስደተኞች መጠለያ ዙሪያ እግሬ ያልረገጠው ኮረብታ የለም። ወፍጮ ወቃሪ ነበርኩ። ጣሁናው፣ የሞተር ወፍጮው ማለቴ ነው፣ ከመምጣቱ በፊት ከቤት ቤት እዞር ነበር። ሲፈጭበት ኖሮ የለሰለሰውን የድንጋይ ወፍጮ እህል እንዲይዝ በመውቀሪያ እነቅሰዋለሁ። ሥራው ቀረ፤ መዞሩ ግን አልቀረም። መውቀሪያዬም ከከረጢቴ አልወጣችም።

ባለፈው በጋ ከአንድ ኮረብታ ግርጌ ሰዎች መሬት ሲጠርጉ አየሁ። ቤት የለ፣ ደጅ የለ፣ ሜዳ ይጠርጋሉ! አልፌ መሄድ አቃተኝ።

«ምን ጠፋባችሁ?» አልኩ በዓረቢኛዬ።

የምታዛቸው ሴት ጦርነቱን ሸሽታ ከካርቱም የመጣች መምህርት ናት፤ የጥንት ሰዎችን ሥራ ታጠናለች። «ጉድጓድ ነው የጠፋብን፣ ሐቦባ» አለችኝ። አያቴ ማለቷ ነው።

«ጉድጓድም ይጠፋል?»

«ሲደፍኑት ይጠፋል።»

አፈሩን አሳየችኝ። ዙሪያው ወጥ ጥቁር መሬት ነው፤ መሀሉ ጠጠር የተቀላቀለበት ዥጉርጉር። የጥንት ሰዎች ድንጋይ ፈልጠው አውጥተውበት ኋላ መልሰው ሞልተውታል ባይ ናት። ግን ማሳመን አለባት። ኮረብታውን ለመንገድ ጠጠር ሊፈጨው ማሽን ቆሞ ይጠብቃል። የአካባቢው ሹም ሐሙስ መጥቶ ያያል፤ የሰው እጅ የሠራበት መሆኑን ካላሳየችው ኮረብታውም ጉድጓዱም አለቀላቸው።

ያገኙትን ሸራ ላይ ደርድረውታል። አብዛኛው ፍንካች ድንጋይ ነው፤ ጎርፍ የሰበረው ነው ቢባል መልስ የለውም። አንዱ ግን፣ ወይ ጉድ፣ መጅ ነው! ወፍጮ ላይ በእጅ የሚገፋው ድንጋይ።

«ያለኝ እሱ ብቻ ነው። የመሣሪያ ጠባሳ አለበት» አለችኝ። እኔ ያየሁት ተጀምሮ የቀረ ሥራ ነው።

ቀትር ላይ ሁሉም ጥላ ሥር ጋደም አሉ። እኔ ሸራው አጠገብ ቀረሁ። መጁን አንሥቼ በመዳፌ ዳሰስኩት። እንዲህ ያለ ድንጋይ ማን ጀምሮ ተወው? ይህን እያሰብኩ እጄ መውቀሪያዋን አወጣ። ጧ፣ ጧ፣ ጧ። ሲነሡ ደስ ይበላቸው ብዬ ፊቱን ሙሉ ወቀርኩላቸው።

መምህርቷ ስታየው መሬት ላይ ቁጭ አለች። የጮኸው ከቆፋሪዎቹ አንዱ፣ ጎልማሳ የአርማጭሆ ሰው ነው።

«እማማ! ምነው እጅዎን ቢሰበስቡ! ስንት ዘመን የቆየውን በአንድ ቀትር ጨረሱትኮ!»

«ታዲያ ሳይነቀስ ምን ይፈጭላችኋል?»

«ማን ሊፈጭ ነው? እኛ ዱቄት ያጣን መሰልንዎ?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ጠባሳውን አጥፍቼዋለሁ፤ ሐሙስ ደግሞ ነገ ነው። አፍሬ ከረጢቴን አንግቼ ልሄድ ስል ነፋሱ ከጀርባዬ ገፋኝ። ቆም አልኩ።

«ልጄ፣ በየት በኩል ነው የቆፈራችሁት?» አልኳት መምህርቷን።

«በደቡብ።»

«በሰሜኑ ዳር ሞክሩ። በክረምት ይህ ጭቃ ማንንም አያስቀምጥም፤ ድንጋይ የሚወቀር በበጋ ነው። በበጋ ደግሞ ነፋሱ ከሰሜን ነው። ወቃሪ ነፋሱን ከጀርባው ካላደረገ ፍንካቹ ዓይኑን ያጠፋዋል።»

መምህርቷ ቀና ብላ አየችኝ። «ከዚህ ወዲያ ምን ይቀረናል» ብላ አካፋውን ራሷ አነሣች።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከተሞላው አፈር ሥር ጠንካራ ወለል ላይ ደረሱ። በብሩሽ ሲጠርጉት ጥቃቅኑ ፍንካች ወደ ደቡብ እንደ ማራገቢያ ተዘርግቶ ወጣ። በማራገቢያው እጀታ በኩል ግን አንዲት ፍንካች እንኳ የሌለባት ባዶ ቦታ ነበረች። ወቃሪው ጉልበቱን ያሳረፈበት ሳይቀር ይታወቃል።

የአርማጭሆው ሰው ባርኔጣውን አወለቀ። «እማማ፣ ይህን ሰው ከየት ያውቁታል?»

በማግሥቱ ሹሙ መጣ። አቀማመጡን አሳዪኝ ቢለኝ ከጎን ተንበርክኬ አሳየሁት። ባዶዋን ቦታ ላለመርገጥ ዳር ዳሩን ዞረና ማሽኑ ሌላ ኮረብታ ይፈለግለት አለ። መምህርቷ እጄን ሳመችኝ። የወቀርኩትን መጅ ግን ከሌሎቹ ለይታ፣ የእኔ ሥራ መሆኑን ጽፋ ወረቀት ለጠፈችበት። ይገባኛል።

እኔን የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ስንበረከክ ጉልበቴን ከዚያች ባዶ ቦታ ጋር አስተያይቼዋለሁ፤ ከእኔ ትጠባለች። ሴት ትሆን? መጁንስ ሳትጨርሰው ማን ጠርቷት ተነሣች?