ለማንም አልነገርኩም

ዳና ባዳቾ መቀመጥ ያቃተው ሰው ነበር። ሥራው ላይ ሲሆን ግድ ሆኖበት ተቀምጦ ይውላል፤ ለዕረፍት ሶዶ እናቱ ቤት ሲመጣ ግን ከደጃፉ እስከ እንሰቱ ጥግ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ደግሞ ይሄዳል። ጎረቤቱ «አብራሪ አይደል፣ መሬት አልስማማ ብሎት ነው» ይላል። ሶዶ እንዲህ ነች፤ ለማታውቀው ነገር ምክንያት አታጣም።

ዘመኑ የሃምሳዎቹ አጋማሽ ነው። ከከተማው ልጆች አውሮፕላን የሚነዳ ዳና ብቻ ነበርና ዳኮታ የምትባለው አውሮፕላን ከዳሞታ ተራራ በኩል ብቅ ስትል የገበያው ሰው ሚዛኑን ትቶ ያንጋጥጣል። «ዳና መጣ!» ይላል፣ ማንም ይንዳት ማን። ዳና ረዳት መሆኑን፣ ዋናው አብራሪ ካፒቴን ገበየው መሆኑን ማን ሰምቶ!

ነገሩ የጀመረው በክረምት ነው። ወደ ሶዶ ሲወርዱ ደመና ውስጥ ገቡ፤ ደመናው ሲገለጥ ዳሞታ ፊት ለፊታቸው ተገትሯል። ዳና በልጅነቱ እንጨት የለቀመበት ተራራ! ዛፎቹን ሳይቀር ለያቸው። ገበየው መሪውን ስቦ አዞራት፤ ተሳፋሪው ሆዱን ከመያዝ በቀር ምንም አላወቀም። ሲያርፉ ገበየው ላቡን ጠርጎ «ይህ ነገር እዚሁ ይቅር» አለ። የዳና እጆች ግን አልሰሙትም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መንቀጥቀጥ ያዙ።

በአየር መንገዱ ኩባንያ ወባ የያዘው አብራሪ ይተኛል፣ እግሩ የተሰበረ ይታከማል። «ፈራሁ» ያለ ግን ፈቃዱን ይነጠቃል፣ የጓደኞቹም መሳቂያ ይሆናል። ስለዚህ ዳና የኩባንያው ሐኪም «እንቅልፍህስ?» ሲለው፣ ዓይኑ በርበሬ መስሎ «ደህና ነው» ይላል። በአየር ላይ እጁን ጭኑ ሥር ይደብቃል፤ ተራው ሲደርስ መሪውን አንቆ ይይዛል። ያበሳጨው ነበር፤ የገዛ እጁ ከዳው!

እናቱ አስካለች እንደ ሐኪሙ አትታለልም። ለዕረፍት በመጣበት ሰሞን የሰጠችው እርጎ ጣቶቹ ላይ ሲፈስ አየችና «ምን ሆነሃል ልጄ?» አለችው። በአማርኛም በእንግሊዝኛም አልወጣ ያለው ቃል በወላይትኛ ወጣ።

«እማዬ፣ እፈራለሁ። ሰው ይዤ እንዳልወድቅ እፈራለሁ።» ወዲያው ደግሞ ደነገጠ። «ለማንም እንዳትነግሪ!»

«ለማንም» አለች፣ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ።

እሑድ ጸሎት ቤት «የጸሎት ርእስ ያለው?» ሲባል አስካለች ነጠላዋን አስተካክላ ብድግ አለች። «ልጄ ዳና አውሮፕላን ሲነዳ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ፍርሃት ይዞታል። ጸልዩለት» ብላ ቁጭ። ጉባኤው በሙሉ ተንበረከከ። ከተንበረከኩት ሽማግሌዎች አንዱ አቶ ቶማ ነበሩ፤ በሶዶ የአውሮፕላን ቲኬት የሚቆርጡት፣ ለአዲስ አበባም በሬዲዮ የሚያወሩት።

ዳና ሲሰማ ደሙ ፈላ። «ለማንም አልነግርም አላልሽም?»

«ለማን ነገርኩ?» አለች ከልቧ ተገርማ። «ጸሎት ቤት ማንም ነው እንዴ?»

በማግስቱ አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ሥራው ተመለሰ። አዲስ አበባም ስልክ በጮኸ ቁጥር «አለቀልኝ፣ ተጠራሁ» ይላል፤ ማንም አልጠራውም። ሐሙስ ዕለት ከገበየው ጋር ወደ ሶዶ በረረ።

አቶ ቶማ የሣሩ ሜዳ ላይ ሰዉን ከነጓዙ እየመዘኑ ነበር። ጠጋ አሉና «አይዞህ ወንድሜ፣ ለማንም አልነገርኩም» አሉት። ዳና ያንን ቃል ከእናቱም ሰምቶት ነበር። ተሳፋሪው ሁሉ የጸሎት ቤቱ ሰው ነበር። ተራ በተራ «ሳሮ! ሳሮ!» እያሉ ጨበጡት፤ ጨብጠውም ቶሎ አይለቁም። ሰላምታው ለስሙ ነው፤ እጁን እየመረመሩት ነበር። እጁም በየመዳፋቸው ውስጥ ይርገፈገፋል። ለዓይን ሕክምና የሚሄዱት አሮጊት፣ እማማ ፈጠነች፣ በመጨረሻ ያዙትና ጥቂት ቆይተው «ቆሟል! ተመስገን!» ብለው ጮኹ።

«ተመስገን!» አለ ሰዉ ሁሉ። መንቀጥቀጡ በመዳፋቸው እየተሰማቸው! የጸለዩበት ነገር አልሆነም ማለት ክህደት መስሏቸው እንጂ ውሸታሞች አልነበሩም። እየዘመሩ ተሳፈሩ። ዳናን ከተራራው በላይ ያስፈራው ይህ ነው፤ ከዚያ ሁሉ ሰው መካከል አልሳፈርም የሚል አልነበረም።

«ምኑ ነው የቆመው?» አለ ገበየው።

«እጄ። ግን አልቆመም።»

ገበየው እጁን አየ፣ ደመና የለበሰውን ዳሞታን አየ። ብልህ ሰው ነው፤ በሩ ላይ ቆሞ «ሞተሩ ችግር አለበት፣ ዛሬ አንበርም፣ ውረዱ» አላቸው። ወደ ዳናም ጆሮ ጠጋ ብሎ «ለኩባንያው ወባ ተነሣብኝ በል፤ ሌላ ረዳት ይላክልኛል» አለ። የዳና መውጫ ይኸው ተገኘ፤ አፉን መዝጋት ብቻ ነው የሚጠበቅበት።

እማማ ፈጠነች ግን ደረጃው ላይ ቆመው በተሰባበረ አማርኛቸው «ሞተሩ ታመመች? እንጸልይላታለን!» አሉ። ሰዉም ወርዶ ሣሩ ላይ ለሞተሩ መንበርከክ ጀመረ። ዳና ይህን መቻል አቃተው።

«ተዉ!» አለ በወላይትኛ። «ሞተሩ ጤነኛ ነው። የታመምኩት እኔ ነኝ። እፈራለሁ፤ እጄም አልቆመም፤ እናንተም ይዛችሁት ታውቃላችሁ።» ከዚያ አቶ ቶማ ለአዲስ አበባ እንዲያስተላልፉት ያንኑ በአማርኛ ደገመው።

«ፈቃድህን ቀደድከው እኮ» አለ ገበየው።

«አውቃለሁ።»

እውነትም ከዚያ ወዲህ አብርሮ አያውቅም፤ ቦዲቲ ከተማ የሒሳብ አስተማሪ ሆኖ ኖረ። በዚያች ሰዓት ግን ኮፍያውን አውልቆ፣ የሚሄድበት ጠፍቶት ሣሩ መካከል ቆመ። እማማ ፈጠነች ዳብሰው ዳብሰው መጡና እጁን እንደገና ያዙት።

«ይንቀጠቀጣል» አሉ በቀስታ። እጁንም አልለቀቁትም።