አራት ይበቃ ነበር

ስሙኝ። ቁጭ በሉና ይሄን ስሙ፤ እስከ ዛሬ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም። ለእናቴ አልነገርኩም። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ንስሐ ልገባ ሄጄ የጠጣሁትን፣ የሰደብኩትን፣ የተማታሁትን ሁሉ ዘረገፍኩና ይቺን ብቻ ጉሮሮዬ ውስጥ ይዣት ተመለስኩ። ምን ልበላቸው? «አባ፣ ጨዋታ ላይ ዋሸሁ» ልበል? «ልጄ፣ ጨዋታ ነው፣ በሰላም ሂድ» ይሉኛል። እኔ ደግሞ በሰላም መሄድ አይገባኝም።

ጎሚስታ ነኝ። መቐለ፣ ሮማናት አካባቢ ጎማ እለጥፋለሁ። ትምህርቴን አሥረኛ ክፍል ላይ ጦርነቱ ቆረጠብኝ እያልኩ አወራለሁ፤ እውነቱን ካላችሁ ከዛም በፊት ጎበዝ አልነበርኩም። እንግሊዝኛ ፊደሉን እቆጥራለሁ እንጂ አላነብም። ግን አንዴ የሰማሁትን ነገር አልረሳም። ምላሴም ፈጣን ነው። ያጠፋሁት በነዚህ በሁለቱ ነው፤ በማይረሳ ጭንቅላትና በማያርፍ ምላስ።

ኣያ ተክላይ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የታሪክ አስተማሪ አሉ። እኛ ጋ ታላቅን «ኣያ»፣ ወንድምን «ሓወይ»፣ እናትን «ኣደይ» ነው የምንለው። ከጸጉር ቤት ጀርባ ባለች ክፍላቸው ውስጥ አሮጌ የጠረጴዛ ቴኒስ አላቸው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ እዛ እንሰበሰብና በጠረጴዛው ላይ የድሮ ጦርነት እንጫወታለን። መጽሐፍ ደራርበን ጨርቅ እናለብሰዋለን፣ ኮረብታ ይሆናል። ሰማያዊ ፌስታል እንዘረጋለን፣ ወንዝ ይሆናል። ሰፈር ውስጥ «አሻንጉሊት የሚጫወቱ ጎረምሶች» ይሉናል። ይበሉ።

ወታደሮቹን የሚሠራው ክብሮም ነበር። ክብሮም አናጺ ቤት ነው የሚውለው። ከተቃጠለ ሞተር የመዳብ ሽቦ ይፈታል፣ አጥንት አድርጎ ይጠመዝዘዋል፣ በሰጋቱራና በኮላ ሥጋ ያለብሰዋል። ከጣት የማይበልጥ ሰው፣ ግን ጋሻው ላይ ጭረቱ ሳይቀር ይታያል። የሚቆሙበትን እኔ ከአሮጌ ጎማ እቆርጣለሁ። ሕጉን የሚያመጣልን ደግሞ ዮናታን ነው፣ እዚህ ዩኒቨርሲቲ የሚማር የሐዋሳ ልጅ። የውጭ ሰዎች የጻፏቸው የጨዋታ ሕጎች ስልኩ ላይ አሉ፤ ለሮማውያን ሌላ፣ ለፈረሰኞች ሌላ፣ ለመድፍ ዘመን ሌላ። እያነበበ በአማርኛ ይነግረናል። ለሱ ብለን በአማርኛ መጫወት ጀመርን፣ በዛው ቀረን። እኔ እሰማለሁ፤ የሰማሁት አይጠፋም። ስለዚህ ዳኛ አደረጉኝ። ማን ስንት ጣት ይራመዳል፣ ዳይሱ ስንት ሲመጣ ማን ይወድቃል፣ እኔን ነው የሚጠይቁት። «እሱ ካለ አለ ነው» ይባል ነበር። ይቺን ልብ በሉልኝ።

ኣያ ተክላይ የራሳቸው ሁለት ሕግ ነበራቸው፣ ከየትኛውም መጽሐፍ ያልመጣ። አንዱ «የጣለ ያነሳል» ነው። የወደቀ ወታደር ከጠረጴዛ አይወጣም፤ በወደቀበት ይተኛል። ጨዋታው ሲያልቅ የጣለው ሰው በገዛ እጁ እያነሳ ሳጥን ውስጥ ያቆመዋል። ሁለተኛው፣ «እናቱ በሕይወት ያለች ሬሳ ጠረጴዛዬ ላይ አይወጣም።» የድሮ ጦርነት ብቻ ማለት ነው። ለምን ብሎ የጠየቀ የለም። መቐለ ላይ ማን ይጠይቃል?

ከጨዋታው በኋላ ሻይ ይዘን የትኛው ሕግ ይሻላል እያልን እንጨቃጨቃለን። ከጨዋታው ይልቅ እሱ ነበር የሚጥመኝ። ዮናታን ካርታ እየተሳበ የሚሄደውን ይወዳል፤ ካርታህ ካልወጣ ጦርህ ንቅንቅ አይልም። «አዛዥ ያዘዘው ሁሉ ሲፈጸም የት አይታችኋል?» ይላል። እኔ የምወደው መጀመሪያ የተማርነውን ነው፤ ወታደሩ እስከ መጨረሻው ሰው የሚቆምበትን። ክብሮም ደግሞ የልብ ፈተና ያለበትን። በሱ ሕግ ከጭፍራህ ግማሹ ሲወድቅ ዳይስ ትጥላለህ። አራትና ከዛ በላይ ከመጣ ይቆማሉ። ከዛ በታች ከሆነ፣ ወደድክም ጠላህም ይሸሻሉ።

«የፈሪ ሕግ ነው» አልኩት አንድ ቀን።

«የሰው ሕግ ነው። ያንተኛው የሽቦ ነው።»

«ሽቦ ነዋ የሠራኸው!»

«ስሠራው ሽቦ ነው» አለ ሻዩን እያማሰለ። «አንተ ስትጥለው ግን አየሁህ ሓወይ፣ ዐይንህን ትጨፍናለህ።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ። ውስጤ ግን ነደደ። ለምን ነደደ? ይሄንን መናገር አለብኝ።

ወንድሜ ኪዳነና ክብሮም አብረው ያደጉ ናቸው፣ አብረው ነው ወደ ጦርነቱ የሄዱት። ክብሮም ተመለሰ። መርዶው የመጣ ሰሞን ክብሮም እናቴ አጠገብ መጥቶ ተቀመጠ። እናቴ ልጄ እንዴት ሞተ አላለችም። «ቦታው ምን ይመስላል?» አለችው። ነገራት። ጉብታ ነው አለ። ከግርጌው የደረቀ ጉድጓድ አለ፣ በግራ በኩል የበለስ አጥር። «እኛ በግራ ነበርን፣ ኪዳነ ከላይ። እኛ ወጣን። እነሱ ቀሩ» አለ። ከዛ አቀርቅሮ፣ «ከላይ ንፋስ አለው፣ ኣደይ። አይሞቅም» አላት። እናቴ ግንባሩን ሳመችው። እኔ በር ላይ ቆሜ «እኛ ወጣን» የሚለውን ብቻ ያዝኩ። አልረሳም ብያችሁ የለ? ሌላውን ሁሉ ትቼ እሱን ያዝኩ። ጎማ ስለጥፍ እሱን፣ ስተኛ እሱን።

ከዛ ያ እሑድ መጣ። ዮናታን ፈተና ነበረበት፣ አልመጣም። እኔ ቀድሜ ደረስኩና «ዛሬ የሮማውያን ውጊያ ነው፣ በልብ ፈተናው ሕግ፣ ዮናታን ነግሮኛል» ብዬ ጠረጴዛውን ሠራሁት። ውሸት ነው። ጉብታ ሠራሁ። ከግርጌው የለስላሳ ቆርኪ ገልብጬ አስቀመጥኩ፣ ጉድጓድ። የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ቆራርጬ በግራ በኩል ደረደርኩ፣ በለስ። ለእናቴ የተነገረውን ነገር፣ ለለቅሶ የተነገረውን ነገር፣ ወስጄ ጠረጴዛ ላይ ሠራሁት! እናቱ በሕይወት ያለች ሬሳ። ያውም የኔው እናት።

ክብሮም ገባ። ጃኬቱን ሰቀለ። ጠረጴዛውን አየና ቆመ። ጣቱን ሰደደ፣ ቆርኪዋን ነካት። ከዛ ወደኔ ዞረ።

«ንፋስስ አለው?» አለኝ።

ቀስ ብሎ ነው ያለው። ከኛ ከሁለታችን በቀር የገባው ሰው የለም። እዛ ላይ ማቆም እችል ነበር። ጨርቁን መጎተት ብቻ ነበር፣ መጽሐፎቹ ይናዳሉ፣ ያልቃል። እኔ ግን «ጀምር፣ ጀምር» አልኩት።

እሱ በግራና በጉብታው ያሉትን ይዞ፣ እኔ ከታች የሚመጡትን። ዮናታን ስለሌለ ዳኛውም ተጋጣሚውም እኔ ነበርኩ። ያለኝን ሁሉ በግራ በኩል ለቀቅኩበት። ከኔም ወደቁ፣ ከሱም ወደቁ። የግራው ጭፍራ ግማሹ ተኛ። የልብ ፈተና። ክብሮም ዳይሱን እጁ ውስጥ ይዞ ቆየ። ጣለው።

አራት።

አራት ይቆማል። አውቃለሁ። ያኔም የእናቴን ስም እንደማውቀው አውቅ ነበር።

«አይበቃም፣ አምስት ነው የሚያስፈልገው» አልኩ።

«አራት አይደለም እንዴ?»

«ኮረብታ ሲሆን አምስት ነው።»

እንዲህ የሚባል ሕግ የለም። እዛው አፌ ላይ የተወለደ ሕግ ነው። ክብሮም አየኝ። አመነኝ። እኔ ካልኩ አልኩ ነዋ! በደንቡ የሸሸ ጭፍራ ጀርባውን የሚያዞረው ባለቤቱ ነው። በገዛ ጣቶቹ የሠራቸውን ልጆች በገዛ ጣቶቹ አንድ በአንድ አዞራቸው። የመጨረሻውን ሊያዞር ሲል ጋሻውን በአውራ ጣቱ ሲዳብስ አየሁ። አየሁና ደስ አለኝ። ይሄ ነው የሚያሳፍረኝ፤ ከውሸቱ ይበልጥ ደስ ማለቴ። ከዛ ጉብታው ላይ የቀሩትን እያንዳንዳቸውን ጣልኳቸው። ሲያልቅ ደግሞ አፌ አላረፈም፣

«አየህ? በጨዋታም ትሸሻለህ። ኪዳነን ዛሬም ጥለኸው ወጣህ!» አልኩት፣ ልጆቹ ሁሉ በቆሙበት።

ኣያ ተክላይ ከወንበራቸው ተነሡ፣ ጉብታውን አዩ፣ ቆርኪዋን አዩ፣ ስፖንጁን አዩ። ገባቸው። ኮፍያቸውን አወለቁ። ቢሰድቡኝ፣ በጥፊ ቢሉኝ እንዴት በወደድኩ!

ክብሮም ግን ደንቡን አልሰበረም። ከኔ ወታደሮች እሱ የጣላቸውን አንድ በአንድ አንስቶ ሳጥን ውስጥ አቆማቸው። ጃኬቱን ለበሰ። «የቀሩት ያንተ ናቸው» ብሎኝ ወጣ። እኔስ? አነሳኋቸው? አላነሳሁም። እኔም ወጣሁ። እንደ ጀግና ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ዮናታን ከልጆቹ ጋር ሱቄ መጥቶ ሲሰማ፣ «አራት? አራትማ ይቆማል። ኮረብታ ላይ እንዲያውም ይቀልላቸዋል» አለ። «ረሳሁ» አልኩት። «ዋእ! አንተም ትረሳለህ ለካ!» ብለው ልጆቹ ሳቁብኝ። ሳቃቸው ውስጥ ተደበቅኩ። እስከ ዛሬ ሁሉም የሚያውቀው ረስቶ ነው የሚለውን ነው። አልረሳሁም። ስሙኝ፣ አልረሳሁም! አፌን ስከፍት አውቄ ነው የከፈትኩት።

ክብሮም ብዙ ሳይቆይ በዓፋር አድርጎ ወደ ባሕሩ የሚወስደውን የስደት መንገድ ያዘ። እዛ ማዶ ይድረስ አይድረስ አላውቅም። እናቱ ከከተማው ወጣ ብላ፣ ዓይናለም መንደር ነው የምትኖረው። ስልክ የለውም እያልኩ ለሰው አወራለሁ። ይኖረው ይሆናል። ሄጄ አልጠየቅኳትም። እሱ አሁን የትም ይሁን የት አንድ ነገር ተሸክሟል፤ በእውነትም ወጣሁ፣ በጨዋታም ልጆቼ ሸሹብኝ የሚል። ሁለተኛውን የጫንኩበት እኔ ነኝ።

በቅርቡ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጎማ ሊያስለጥፍ መጣ። ወሬ ስንጀምር ኪዳነ የቀረበት እዛው ቦታ፣ እዛው ግራ በኩል የነበረ ሆኖ አገኘሁት። «በሬዲዮ ግራዎቹ ውጡ ተባልን፣ ላይኞቹ ያዙ ተባሉ» አለኝ። «የሚያዘው ሰውዬ እኮ እዛ የለም። ክብሮም ወደ ላይ ልመለስ ብሎ አስቸግሮን፣ ጎትተን ነው ያወጣነው።» እጄ ጎማው ላይ ቀረ። ሰውዬው «ምነው፣ አየሩ ወጣ እኮ!» ሲለኝ ነው የነቃሁት።

ይሄን የነገርኳችሁ ክብሮም ንጹሕ ስለሆነ ነው ያዘንኩት እንድትሉ አይደለም። በሁለት እግሩ ሮጦ ቢወጣስ? እኔ ማን ነኝ? እነሱ ጉብታው ላይ ሲሆኑ እኔ የት ነበርኩ? አክስቴ ቤት አልጋ ሥር ነበርኩ። አልጋ ሥር የነበረ ሰው ነው ስለ መሸሽ የፈረደው!

ባለፈው እሑድ ኣያ ተክላይ ጋ ሄድኩ። የወታደሮቹን ሳጥን ይስጡኝ ልል ነበር። ጠረጴዛው አንሶላ ለብሷል። ሲገልጡት ጉብታው አለ፣ ቆርኪዋ አለች፣ እኔ የጣልኳቸውም እንደወደቁ አሉ፣ አቧራ ለብሰው። ከዛ ወዲህ ማንም አልተጫወተበትም። «እኔ አልጣልኳቸውም፤ እንዴት ላንሳቸው?» አሉኝ። አነሳኋቸው። አንድ በአንድ፣ አቧራቸውን በእጅጌዬ እየጠረግኩ። ዐይኔን አልጨፈንኩም።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅርታው የናንተ አይደለም፣ የክብሮም ነው። ክብሮም፣ ሓወይ፣ ይሄ ወሬ የሆነ ቦታ ከደረሰህ፣ አራት ነው የጣልከው። አራት ይበቃ ነበር። ልጆችህ አልሸሹም። ያዞርኳቸው እኔ ነኝ። ነገ ዓይናለም ሄጄ ይሄንኑ ለእናትህ እነግራታለሁ፤ ብታባርረኝም በር ላይ ቆሜ እነግራታለሁ።

እናንተ ግን፣ በዚህም በኩል በዛም በኩል፣ ካርታ ዘርግታችሁ «ግራው ይውጣ፣ ላይኛው ይያዝ» ያላችሁ፣ ንፋሱ ይኑር አይኑር ሳታውቁ ልጅ ያቆማችሁና ልጅ ያዞራችሁ፣ እኔ አንድ ተራ ጎሚስታ የሽቦ ሰው ጥዬ እንቅልፍ አጣሁ። ሕጉን ለኛ የምታነቡልን እናንተ ነበራችሁ። እናንተ ካላችሁ አለ ነበር። የጣለ ያነሳል ነው ደንቡ፤ የናንተዎቹ እስካሁን በወደቁበት ናቸው፣ እናቶቻቸው በሕይወት አሉ፤ መቼ ነው መጥታችሁ የምታነሷቸው?