ማሽላው እስኪታጨድ

በመጨረሻው ደህና ቀናችን ከወንድሜ ጋር ማሽላ ስንጠብቅ ዋልን። እርሻው የመን ድንበር አጠገብ ካለችው ከዒዳቢ ከተማ ከፍ ብሎ ነው። እሱ ማማ ላይ ሆኖ በወንጭፍ ወፍ ያባርራል፤ እኔ ከሥር ለፍየሎቹ ሣር አጭዳለሁ። ቀበቶውን በሚስማር አዲስ ቀዳዳ ሲበሳ አየሁት።

«አያ፣ ከስተሃል» አልኩት። ታላቄን የምጠራው እንደዚያ ነው።

«ሙቀቱ ነው። አንተስ መቼ ወፍረህ ታውቃለህ? ማሳው መሐል ብናቆምህ ወፎቹ በሸሹልን።»

ወደዚህ ከመምጣታችን በፊት ደሴ ላይ ለአንጀት ካንሰር ቀዶ ሕክምና አድርጓል። ዕጢው ወጣ። ሐኪሙ ግን ካንሰሩ ንፍፊቶቹ ውስጥም ስለተገኘ ሊመለስ ይችላል አለ፤ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት። ኬሞውን እንዲጨርስ፣ በየጊዜው ደሙን እንዲመረመር፣ አንጀቱም በካሜራ እንዲታይ ነገረው። ወደ እኔ ዞሮም «ወንድሙ ስለሆንክ አንተም መታየት አለብህ» አለኝ። አያ መድኃኒቱን ጨረሰ። ሲጋራ ተወ። ጮማ አይነካም ነበር። ምርመራው ብቻ ቀረ። በየመን በኩል ተደብቀን ዐረብ አገር የገባን ነን፤ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የለንም፤ ሆስፒታል መሄድ ያስፈራናል።

እዚህ ወረቀት የሌለው ሰው አገሩ መግባት ሲፈልግ አስፋልት ዳር ወጥቶ ይቀመጣል። የፖሊስ መኪና ያነሳዋል። ታስሮ ይቆይና በአውሮፕላን ይመለሳል።

«ነገ እንውጣ» አልኩት።

«ማሽላው ይታጨድ። አሠሪያችን ደግ ሰው ነው፤ እህሉን ለወፍ ጥዬበት አልሄድም። ከዚያ ኸላስ፣ ደሴ።»

በማግስቱ ሆዱ ተነፋ፤ ያስመልሰው ጀመር። አሠሪያችን በመኪናው ሆስፒታል አደረሰን። ካንሰሩ ተመልሶ አንጀቱን ዘግቶታል፣ ጉበቱም ላይ ደርሷል አሉኝ። ከጁምዓ ሶላት በኋላ አረፈ። እዚያው ቀበርነው።

የሆስፒታሉን ሐኪም፣ አያ ቀደም ብሎ ቢታይ ይተርፍ እንደሆነ ጠይቄው ነበር። «ቀድሞ ሲገኝ ብዙ ጊዜ የሚደረግ ነገር አለ። እሱ ይድን ነበር ማለት ግን አልችልም» አለኝ። አሁንም ይህን መልሱን አስባለሁ። ከሁሉ የሚናፍቀኝ ግን ከማማው ላይ ሲቀልድብኝ የነበረው ድምፁ ነው።

ከቀብሩ ማግስት ጠዋት ወፎቹ ማሽላው ላይ ሰፍረው ነበር። ማማው ላይ ወጥቼ አንዴ ወነጨፍኩ። ተነሡ፤ ተመልሰው ሰፈሩ። ወንጭፉን ለጎረቤቱ እረኛ ሰጠሁትና አያ የበሳትን ቀዳዳ ፈልጌ ቀበቶውን ታጠቅሁ። ወርጄ አስፋልቱ ዳር ተቀመጥኩ።