ሳማልን ለጭፈራ የያዝነው ቀን

የመንደራችን ሰው ሳማል ጭራ ያልቆላለት ባለሥልጣን ይህችን ደሴት ረግጦ አያውቅም። ከገዢያችን ከዴንማርክ የሚላከው ዳኛ በጀልባ ሲደርስ እስከ ጉልበቱ ባሕር ውስጥ ገብቶ የሚቀበለው እሱ ነበር። የዳኛውን ኮት ታቅፎ ዳገቱን ሲወጣ እኛ የመንደሩ ልጆች ከኋላው ሆነን አካሄዱን እየቀዳን እንስቅ ነበር። በዓለም ጦርነቱ ጊዜ እንግሊዞች ደሴቷን ሊይዙ ሲመጡ ደግሞ ሳምንት ሳይሞላው እንቁላል መሸጫ የምትሆን እንግሊዝኛ ለመደ። ምን ያድርግ፣ ኮት ሲጠፋ እንቁላል!

ሰነፍ ነበር አልልም። በጎቹ የሰቡ፣ ድንቹም ያማረ ነበር። ድምፁማ አይነሣ! ቄሱ ወደ እኛ መንደር ብቅ የሚለው አልፎ አልፎ ስለሆነ በሌላው እሑድ ስብከቱን ከመጽሐፍ የሚያነብልን ሳማል ነው፤ ያውም በዴንማርክ ቋንቋ። አሮጊቶቹ ግማሹ አይገባቸውም፣ ግን ድምፁን ሰምተው ያለቅሳሉ።

አባቴ ዓሣ ሊያጠምድ ወጥቶ የሞተው ጦርነቱ ገና ሳይመጣ ነው። መቃብሩ ላይ ቆመን እናቴ ሱኑቫ መዝሙር ጀመረች። አባቴ ሲቀዝፍ የሚያዜማት፣ በገዛ ቋንቋችን የተገጠመች መዝሙር ናት። የመጀመሪያውን ስንኝ እንደጨረሰች ሳማል እጁን አነሣ።

«ሱኑቫ! እዚህ የሚዘመረው በቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ነው። ይሄኛው በግ መጥሪያ ነው።»

እናቴ አቋረጠች። እሱ በዴንማርክ ቋንቋ ሌላ መዝሙር አነሣ፣ እኛም ተከተልነው። ከዚያ ወዲያ እናቴ መዝፈን ተወች፤ ላም ስታልብ እንኳ ዝም ነው። እኔ ይህን ሰው እስከ ዛሬ ይቅር አላልኩትም፣ ወደፊትም አልልም።

ጦርነቱ አለቀና ሕዝበ ውሳኔ መጣ፤ ከዴንማርክ እንገንጠል ወይስ አንገንጠል? ሳማል ከቤት ቤት እየዞረ አሮጊቶቹን ያስፈራራ ጀመር። «ንጉሡን ብትተዉት ዱቄት ከየት ሊመጣላችሁ ነው? ሣር ልትግጡ ነው?» እንገንጠል ያልነው በጥቂት ድምፅ በለጥን። ንጉሡ ግን ምክር ቤታችንን በተነው። ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ መሃል መንገድ ላይ ተገናኘንና የራስ አስተዳደር ተሰጠን። ቋንቋችንም ዋና ቋንቋ ሆነ።

ታዲያ በማግስቱ ትልቁ ባንዲራችን በማን ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ይመስላችኋል? በሳማል! ዓይን አውጣ! ጣሪያው ላይ የበቀለውን ሣር ሳይቀር አጭዶ አሳምሮለታል። ባገኘው ሰው ፊት «ውዱ የእናት ቋንቋችን» እያለ እንባ እንባ ይለዋል። ብዙም አልቆየ፣ ለመንደሩ ምክር ቤት ሊቀመንበርነት ሊወዳደር ነው ተባለ። ቆሽቴ አረረ።

እኛ ዘንድ ለእንዲህ ያለው ሰው መላ አለን። ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው የመጨረሻ የጭፈራ ቀን መሳቂያ ግጥም ይገጠምበታል። ሁለት ጉልበተኞች ግራና ቀኝ እጁን ይይዙትና ክቡ ውስጥ ያስጨፍሩታል፤ ግጥሙ ሳያልቅ ማምለጥ የለም። ከተቆጣ አለቀለት፣ ግጥሙ ለልጅ ልጁ ሳይቀር ስም ሆኖ ይቀራል። ከሳቀ ግን እዚያው ይረሳለታል። ግጥም የተለጠፈበት ሰው ሊቀመንበር ሆኖ አያውቅምና እኔም ሱፍ እየፈተልኩ መግጠም ያዝኩ።

ወንድሜ ጉቲና ዓሣ አጥማጁ ያልግሪም ሊይዙልኝ ተስማሙ።

«እንዳትለቁት!» አልኳቸው።

«ማርዩን፣ አንቺ ብቻ አስቆጪው» አለኝ ያልግሪም እጅጌውን እየሰበሰበ። «ይሄ ዓሣ ነባሪ የጎተተ ክንድ ነው።»

ቀኑ ደረሰ። መንደሩ ሁሉ ትምህርት ቤቱ ውስጥ እጅ ለእጅ ተያይዞ ክብ ሠራ። የእኛ ጭፈራ የሙዚቃ መሣሪያ የለውም፣ ወለሉን በእግር መምታት ነው። እናቴ ከአሮጊቶቹ ጋር ግድግዳው ሥር አግዳሚ ላይ ተቀምጣለች። ጉቲና ያልግሪም ግራና ቀኝ ሲይዙት ሳማል ነገሩ ወዲያው ገባው። ፈገግ አለ፤ መቼም ብልጥ ነው።

ስለ ዳኛው ኮት ጀመርኩ፣ ወለሉ ተናወጠ፣ ሳማል ሳቀ። ስለ እንቁላሉ ቀጠልኩ፣ ይባስ ብሎ ሳቀ። ዱቄቱ ላይ ስደርስ ጭራሽ በዚያ በሚያምር ድምፁ አዝማቹን ይቀበለኝ ጀመር። ሰዉ ወደደው!

«አይ ሳማል፣ እሱ እኮ ጨዋታ አዋቂ ነው!» አለች አንዷ፤ ሣር ትግጫለሽ ያላት እሷው። ያልግሪም እንኳ፣ ያ ከንቱ፣ ጥርሱን ያሳያል። እርር ድብን አልኩ።

የቀረኝ የመጨረሻው ነበር።

«ባሏን ስትቀብር መዝሙር ጀመረች፣
በግ መጥሪያ ነው ቢላት ዝም አለች፤
ዛሬ ባንዲራ ሰቅሏል ሳማል፣
ስለ ቋንቋዬ ብሎ ደረት ይነፋል።»

ሳማል ሳቀ። አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ፣ ከቀደመው ሁሉ አብልጦ ሳቀ። ካልሳቀ ይለጠፍበታላ! የጨፋሪዎቹ እግሮች ግን ቆሙ፣ መጀመሪያ የጉቲ፣ ከዚያ የሁሉም። ክፍሉ ውስጥ የሱ ሳቅ ብቻ ቀረ።

እናቴ ከአግዳሚው ተነሣች።

«ሳቅህን ጨርስ፣ እጠብቃለሁ» አለችው።

ዝም ሲል፣ መቃብሩ ላይ ካቋረጠችበት ስንኝ ጀምራ ዘመረች። ድምፅዋ ተዘግቷል፣ ዜማውም እዚህም እዚያም ጠፋባት፤ ግን እስከ መጨረሻው ሄደች። ጉቲ እያለቀሰ የሳማልን እጅ ለቀቀ፣ ያልግሪምም ለቀቀ።

ግጥሙ አልተለጠፈበትም፤ በወጋችን መሠረት ስቋል አይደል? ደግሞስ መረጡት! ቆመው ያለቀሱት እነዚያው ሰዎች ሊቀመንበር አደረጉት። «ድምፁ ያምራል፣ ደብዳቤ መጻፍም ያውቃል» ተባለ። ድሮ እንዲህ ያለውን ዴንማርክ ትልክብን ነበር፤ አሁን ለራሳችን እንመርጣለን። ወይ እኛ!

በዓመቱ የጭፈራው ቀን ሲደርስ ሳማል አዲስ ልብሱን ለብሶ፣ የብር አዝራሮቹን አሳምሮ ዘግየት ብሎ መጣ። ዘግይቶ የመጣ ሰው የሁለት ሰዎችን እጅ ከፍቶ ይገባል፤ ሰካራም እንኳ አይከለከልም። ሳማል በጉቲና በያልግሪም መሃል እጁን ዘረጋ። አልከፈቱለትም። ወደሚቀጥሉት አለፈ፤ እነሱም አልከፈቱም። የመረጡት ሁሉ ጥብቅ አድርገው እንደተያያዙ፣ ፊቱን እንኳ ሳያዩት እየጨፈሩ አለፉ። እናቴ በዚያ ዓመት ክቡ ውስጥ ነበረች፣ ከሁላችን በላይ እየጮኸች ትዘፍናለች።

ሳማል ክቡን ዞሮ ጨረሰ። ከዚያ ሄዶ እናቴ ትቀመጥበት በነበረው አግዳሚ ላይ፣ ከአሮጊቶቹ ጎን ተቀመጠ።